የጠብታው ባለቤት

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ፔናንግ ስትተኛ፣
ስልኬ ራስጌዬ ላይ ይነቃል ብቸኛ።
«ውድ ሚስስ ኩ» ይላል፣ ሲጀምር በትሕትና፣
«ቦይለሩ ተበላሽቷል፣ ዘንድሮም እንደገና።
ሁለት መቶ ሰማንያ ፓውንድ ከኪራዩ ቀንሰናል፤
ስለ ትዕግሥትዎ አስቀድመን አመስግነናል።»

ፔንሮዝ ነው ወኪሌ። ስምንት ዓመት ሙሉ
መልኩን አላውቀውም፣ ቤተኛዬ ነው ቃሉ።
ቦይለር የሚሉትን በቆዳዬ አላውቀውም፣
ፔናንግ ላይ ብርድ ቤት ተከራይቶ አያውቅም፤
ግን በወረቀት ላይ አራት ጊዜ ቀበርኩት፣
አራት ጊዜ ሞቶ፣ አራት ጊዜ አስነሣሁት።

ቤቱን ስንገዛው ለልጃችን ነበር፣
ሊቨርፑል ገብታ ሕክምና ስትማር፤
የአባቴን የገውዝ ማሳ፣ የባሌን ጡረታ
ሸጠን በጡብ ለወጥነው፣ በስልክ፣ በአንዲት ማታ።
ልጅቱ ተመርቃ ፐርዝ ሄደች አግብታ፤
ባሌም አረፈ። ቤቱ ቀረ፣
በእኔና በፔንሮዝ መሐል እንደ ተሰቀለ ኮት።

«ተከራይዋ» ይለኛል፣ «ትንሽ አስቸጋሪ፣
ክፍያዋ ዘገምተኛ፣ ምክንያት ደርዳሪ።»
እኔም በጨለማ ያችን ሴት ሥያለሁ፤
በርጩማ ስትሰብር፣ በር ስትረግጥ አያለሁ፤
ሲጋራዋን ስታጠፋ በምንጣፌ ጠርዝ ላይ፤
እኔ አከራይ፣ እሷ ተከራይ፣
በአንዲት ፊደል ብቻ ተጋርደን የማንተያይ።

በኅዳር፣ ለማንም ሳልናገር፣ ትኬት ቆረጥኩ።
የሊቨርፑል ዝናብ አይዘንብም፤ ይንጠለጠላል፣
በጎዳናው ወገብ ላይ እንደ እርጥብ አንሶላ ይውላል።
ስምንት ዓመት ከወርቄ ጋር ያኖርኩትን
ቁልፍ አወጣሁ።
አልዞር አለኝ።
ግራ አልኩት፣ ቀኝ አልኩት፣ እንደ ሌባ ዙሪያዬን አየሁ።
በሩ ቁልፍ ቀይሯል። የገዛ ቤቴን አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሴት ስድሳን ያለፈች፣
ቤት ውስጥ ካፖርት ከነሻርቡ የለበሰች፣
ክንዷ ከዳቦ ቤት ምድጃ ጠባሳ የወረሰች፤
«ከኤጀንሲው ነሽ?» አለች።
አዎ አልኩ። ምን ልበላት?
«በስንት ጊዜው!» ብላ አስገባችኝ።

አሳየችኝ፤ ቦይለሩን፣ እንደ ሬሳ የቀዘቀዘ፣
መታጠቢያ ቤቱን፣ በሻጋታ የወዛ፣ የፈዘዘ፣
ኮሪደሩ ላይ ድስት፣ ጣሪያው የሚያጠባው።
«ሦስት ክረምት» አለች፣ «እጅ የነካው የለም።
ፔንሮዝን ስጠይቀው፣ ‹አከራይዋ አልፈቀደችም፤
ሩቅ አገር ናት፣ ሀብታም ናት፣ ለሳንቲም ትሞታለች።›
እኔን ከጠየቅሽኝ ያቺ ሴት አልተፈጠረችም፤
ከተፈጠረችም ብርድ አታውቅም።»
ይኸኛው እንኳ እውነት ነበር።

ከብስኩት ቆርቆሮ ደረሰኞቿን ዘረገፈች፤
በየወሩ መባቻ፣ አንድም ቀን አላዛነፈች፤
ዘጠኝ መቶ ፓውንድ።
እኔ ጋ የሚደርሰው ስድስት መቶ ነው።
ከሥሩ የደብዳቤ ቅጂዎች፤ «ውድ አከራይ» የሚሉ፣
በፔንሮዝ በኩል የተላኩ፣ አንዱም ፔናንግ ያልደረሰ።
በአንደኛው ላይ፦ «የማን እንደሆነ እንጃ፣
ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የጆሮ ጉትቻ አገኘሁ፣ አንዱን ብቻ።
አስቀምጬልሻለሁ።»

ልሄድ ስነሣ ወረቀት ዘረጋችልኝ።
«የመጣ ሁሉ ይፈርማል። ማውራ ኪንሴላ
ሁለቴ አትታለልም።»
እስክሪብቶውን ያዝኩ። ሌላ ስም አሰብኩ።
እጄ ግን የለመደውን ጻፈ።

አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ ደገመችው።
አልጮኸችም። ወንበርም አልሳበችልኝ።
ድስቱን በእግሯ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ
«እንግዲያው» አለች፣ «ሞልቷል። ድፊው።»

ደፋሁት። ጆሮው ከእጄ በላይ ይቀዘቅዛል።
መልሼ ቦታው ሳስቀምጠው
ጠብ አለ፤ ባዶ ነውና፣ ጮኾ።
ይህ ድምፅ በየትኛውም ሒሳብ ላይ
ተቀንሶም ተደምሮም አልደረሰኝም ነበር።